ለእርሻ ሥራ የተመደበ ፒካፕ መኪና ከፍ ሲደረግ አስቀድሞ ሊመዘን ስለሚገባው ነገር

ክረምት በደረሰ ቍጥር፥ በየወረዳው የእርሻ ሥራ ለሚመሩ ሹማምንትና በገዛ ገንዘባቸው መኪና ገዝተው ማሳቸውን ለሚዞሩ ባለእርሻዎች አንድ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ሹፌሩ መጥቶ፥ የመኪናው ሆድ መሬት እየነካ ነው፥ ባሌስትራው ተኝቷል፥ ድንጋይና ጕብታ አላሳልፍ ብሏል፥ ስለዚህ ከፍ ይደረግልኝ ይላል። ሹሙም የመኪና ነገር የተማረው ሥራ ስላልሆነ፥ ወይ ሹፌሩን አምኖ ወረቀቱን ይፈርማል፥ ወይ ገንዘብ የለም ብሎ ይመልሰዋል። ሁለቱም ሳይመረመር የተሰጠ መልስ ነው። ሳይመረመር የተፈቀደው፥ ብዙ ገንዘብ ከወጣበት በኋላ መኪናውን ከፊተኛው ይልቅ አደገኛ ሊያደርገው ይችላል፤ ሳይመረመር የተከለከለውም፥ ባሌስትራው በጕዞ መካከል ተሰብሮ ምርጥ ዘሩ ከመንገድ ዳር በዝናብ እንዲመታ ሊያደርግ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ማንሻ ዕቃ ፈረንጆቹ ሊፍት ኪት ይሉታል። ሥራውም ከፋብሪካው የመጣውን ሞላ፥ ባሌስትራና አሞርዛተር አውጥቶ በእርሱ ፈንታ ረዘም ወይም ጠንከር ያለውን መተካት፥ በዚህም የመኪናውን አካል ከአክስሉ በላይ ከፍ ማድረግ ነው። ስሙ ማንሻ ስለ ሆነ ግን ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስንት ጣት ያነሣል ብሎ ብቻ ነው፤ የስሕተቱም መነሻ ይኸው ነው። የጭነት በቅሎ ለመግዛት ገበያ የወረደ ሰው ቁመቷን ለክቶ አይመለስም፤ ጀርባዋን ይዳብሳል፥ ኰቴዋን ያነሣል፥ ምን ያህል ጭና ዳገት እንደምትወጣ ይጠይቃል። ለመኪናም ፍርዱ እንደዚሁ ሊሆን ይገባል። ሊፍት ኪት የሚመረጠው መኪናው ዘወትር በሚሸከመው ክብደት ነው፤ ከፍታው ከክብደቱ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ምሳሌውን በቶዮታ ሂሉክስ ማድረግ ይሻላል፤ በኢትዮጵያ ገጠር ይህን መኪና የማያውቅ ሰው ጥቂት ነውና። ሂሉክስ መጀመሪያ የተሠራው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1968 ዓመት በጃፓን አገር ነው። በአራቱም ጎማ የሚጐተተው በ1979 ሲወጣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነበረው። ኋላ የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው እንዲነሡና እንዲወርዱ በተደረገ ጊዜ፥ በባሌስትራው ፈንታ ቶርሽን ባር የሚባል፥ እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚያገለግል ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ገባ። ከ2005 ገደማ ወዲህ ደግሞ ዘንጉ ቀርቶ ከፊት አሞርዛተሩን በመካከሉ ያቀፈ ጥቅል ሞላ ተተካ። የኋላው ግን በአብዛኛው እስከ ዛሬ ድረስ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ድፍን አክስል ነው። እንግዲህ ሁለት መኪኖች በኮፈናቸው ላይ አንድ ስም ስለ ተጻፈባቸው አንድ ኪት አይገጥማቸውም። ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት አንድ ሰው ከመኪናው ሥር ገብቶ ማየት፥ የሞዴሉንም ዓመትና የሻንሲውን ቍጥር መገልበጥ ይኖርበታል። ይህ ትንሽ ነገር ሳይደረግ ቀርቶ የመጣው ዕቃ አልገጥም ያለ እንደሆነ፥ ሣጥኑ በዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ ሲለብስ መኪናው እንደ ቆመ ክረምቱ ያልፋል።

ከፍ ማድረግ የሚሰጠው ጥቅም አለ፤ መካድ አይገባም። የመኪናው ሆድ፥ የነዳጅ ማጠራቀሚያውና የፊቱ ጫፍ ከመሬት ይርቃሉ። ከባድ መኪኖች በሄዱበት መንገድ ላይ በሁለቱ የጎማ ቦይ መካከል የሚቀረው ጕብታ ሻንሲውን መምታቱ ይቀንሳል፤ ከወንዝ ዳርቻ ወደ ላይ ሲወጣም የፊቱ ጫፍ አፈሩን ከማረሱ በፊት ጎማው ዳገቱን ይይዛል። ነገር ግን ሹፌሮች ሁሉ የማይናገሩት፥ ምናልባትም ብዙዎቹ ልብ ያላሉት አንድ ነገር አለ። ከኋላ በኩል ከሁሉ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የዲፈረንሻሉ እብጠት ነው፤ እርሱም የተሠራው ከአክስሉ ጋር ነው፥ አክስሉም በጎማው ላይ ተቀምጧል። ሞላውና ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ያለውን ያነሣሉ እንጂ አክስሉን ንቅንቅ አያደርጉትም። አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ የተደረገ መኪና የኋላው ዲፈረንሻል ከድንጋዩ ጋር የሚገናኘው ልክ እንደ ቀድሞው ነው።

ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው፤ ያውም የጎማው ቁመት ከጨመረው እኩሌታውን ብቻ ነው። 265/65 አር 17 የሚባለው ጎማ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 265/70 አር 17 የሚባለው ደግሞ 803 ያህል ነው። ልዩነቱ 27 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ አክስሉ የሚነሣው 13 ተኩል ሚሊ ሜትር፥ ማለት የአንድ ጣት ውፍረት እንኳ የማይሞላ ነው። በዚህም ላይ የፍጥነት መቍጠሪያው ይሳሳታል፤ 60 ሲል መኪናው በእውነቱ 62 ይሄዳል። ከዚህ የበለጠ ትልቅ ጎማ ከተፈለገ ደግሞ መሪው ሲታጠፍ ፓራፋንጎውን መፋቅ ይጀምራል፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ይደክማል።

ስለ ጭቃም አንድ ቃል ያስፈልጋል። በሸዋ ደጋና በጎጃም ሜዳ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ዝናብ ሲጠግብ በጎማው ጥርስ መካከል ተለጥፎ ጎማውን ለስላሳ ያደርገዋል። እዚያ ላይ ከፍታ የሚረዳው ጥቂት ነው። የሚረዳው ጥርሱ ጠለቅ ያለ ጎማ፥ ነፋሱን በመጠኑ መቀነስ፥ ሰንሰለት፥ አካፋ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ፀሐይ እስክትወጣ መታገሥ ነው። ለጭቃ ብሎ ሊፍት ኪት የሚገዛ መሥሪያ ቤት ለራስ ምታት ጫማ እንደ ገዛ ይቈጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፥ ወደ ሚዛኑ መመለስ ይገባል። እንደ ኦልድ ማን ኢሙ፥ ዶቢንሰንስና አይረንማን ያሉት የአውስትራሊያ ሠሪዎች ለአንድ ዓይነት መኪና የሚያወጡት ሞላና ባሌስትራ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ባዶውን ወይም ቀላል ጭነት ይዞ ለሚሄድ መኪና የሚሆን ነው፤ ሌላው ጥቂት መቶ ኪሎ ሁልጊዜ ለሚሸከም፥ ሌላውም ዘወትር በከባድ ጭነት ለሚሠራ ነው። በመጽሔታቸው ሦስቱም ከፍታቸው ተመሳሳይ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ከፍታው ግን እውነት የሚሆነው የተጻፈለትን ክብደት የተሸከመ እንደሆነ ነው። ለከባድ የተሠራው ባሌስትራ በባዶ መኪና ላይ ቢገባ፥ ጀርባውን ቀስሮ እንደሚዘል ወይፈን ያደርገዋል። ለቀላል የተሠራውም ከባድ ቢጫንበት በጥቂት ወር ውስጥ ተኝቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ያን ጊዜም ሹፌሩ እንደ ገና ከፍ ይደረግልኝ ብሎ ይመጣል።

የሞላ ጥንካሬ በዓይን የሚገመት አይደለም። የጥቅል ሞላ ሽቦ ውፍረቱ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ብቻ ቢጨምር፥ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፥ ጥንካሬው ከእኩሌታ ጥቂት በሚያንስ፥ በመቶ 46 ያህል ይጨምራል። ሁለት ሞላ ጎን ለጎን ተቀምጦ ልዩነቱን ዓይን ሳያየው፥ አንዱ ለሰው አንዱ ለድንጋይ መጫኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሻጩ «ይኸኛው ጠንካራ ነው» ሲል፥ ለስንት ኪሎ ብሎ መጠየቅ ነው፤ በኪሎ መመለስ ያልቻለ ሻጭ ዕቃውን አያውቀውም።

ሹሙ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ቀላል ነው። መኪናው እህል በሚመዘንበት የመኪና ሚዛን ላይ አንድ ቀን ባዶውን፥ ሌላ ቀን ለመስክ እንደሚወጣ ሆኖ ይውጣ፤ የፊቱና የኋላው አክስል ለየብቻ ይመዘን፥ ቍጥሩም በመዝገብ ይጻፍ። ያን ጊዜ ብዙ ያልታሰበ ነገር ይገለጣል። ለምሳሌ ያህል አምስት ሰው እያንዳንዱ 70 ኪሎ ቢሆን 350 ኪሎ ነው፤ አሥራ ሁለት ከረጢት ማዳበሪያ እያንዳንዱ 50 ኪሎ ሲሆን 600 ነው፤ ሁለተኛ ትርፍ ጎማ፥ ክሪክና የነዳጅ ጀሪካን 60 ቢሆኑ ድምሩ 1010 ኪሎ ይሆናል። የአንድ ደብል ጋቢና ፒካፕ የመጫን አቅም፥ በውስጡ የተቀመጠው ሰው ጭምር፥ እንደ ሞዴሉ ቢለያይም አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ ነው። ስድስት ኩንታል ማዳበሪያና አንድ ጋቢና ሙሉ ሰው የያዘ መኪና እንግዲህ ልኩን ሞልቷል ማለት ነው። የጭነቱ ሣጥን ገና ስላልሞላ፥ ስፖንዳው ድረስ ቦታ ስላለ ብቻ ሌላ አሥር ከረጢት ይጨመራል፤ መኪናው ያን ጊዜ አንድ ቶን ተኩል ይዟል።

በዚህ ስፍራ እጅግ የተለመደ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ አለ። ጠንካራ ባሌስትራ ከገባ መኪናው አብዝቶ መጫን ይችላል የሚል ነው። ባሌስትራው ሊችል ይችላል፤ ሻንሲው፥ አክስሉ፥ የጎማው መያዣና ፍሬኑ ግን እንደ ፊታቸው ናቸው። ቀድሞ ባሌስትራው ተኝቶ «በዛብኝ» እያለ ይናገር ነበር፤ አሁን እርሱ ዝም ስላለ፥ ሸክሙን የሚናገረው ሻንሲው ሲጐብጥ ነው። ደብል ጋቢና መኪኖች ከኋላው አክስል ወደ ኋላ ያለፈ ከባድ ጭነት ሲጫንባቸውና በጉድጓድ መንገድ ሲሮጡ ሻንሲያቸው ከጋቢናው በስተኋላ መጕበጡ በብዙ አገር የታወቀ ነገር ነው። ባሌስትራ ቢሰበር የሚተካ ዕቃ ነው፤ ሻንሲ የጐበጠበት ግን መኪናውን እንዳጣ ይቍጠረው።

ለየትኛው ክብደት ይመረጥ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይከተላል፤ እውነተኛው ክርክርም ያለው እዚህ ላይ ነው። የእርሻ መሥሪያ ቤት መኪና ዓመቱን ሁሉ አንድ ሸክም የለውም። ማዳበሪያና ዘር በሚከፋፈልበት ጥቂት ወራት እስከ አፉ ይጫናል፤ በቀረው ጊዜ የሚይዘው ሁለትና ሦስት ባለሙያ፥ የወረቀት ቦርሳ፥ የክትባት ሣጥን፥ ላሞችን ለማዳቀል የሚወሰደውን ፈሳሽ ናይትሮጂን የያዘ ዕቃ ነው። ሹፌሮች የሚፈልጉት ለከባዱ ወራት የሚሆነውን ነው፤ የሚያስጨንቃቸውም እርሱ ነውና አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ለሁለትና ለሦስት ወር ተብሎ የገባው ጠንካራ ባሌስትራ በቀረው ዓመት ባዶውን ሲሮጥ፥ እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበው የጠጠር መንገድ ላይ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን በሚገባ አይዙም። መኪናው በመታጠፊያው ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ የክትባት ጠርሙስ ይሰበራል፤ የናይትሮጂኑ ዕቃ አንገት ይናጋል፤ የሰውም ወገብ ይጐዳል።

ስለዚህ የሚሻለው ፍርድ፥ ዓመቱን በብዛት ለሚይዘው ክብደት መምረጥና ለከባዱ ወራት ማዳበሪያውን ለጭነት በተሠራ መኪና ማስጫን ነው። የአይሱዙ ኪራይ ገንዘብ ያስወጣል፤ እውነት ነው። የተሰበረ አክስልና በማዳበሪያ ወራት የቆመ መኪና የሚያስወጣው ግን በኪራዩ መዝገብ ስለማይጻፍ ብቻ የረከሰ ይመስላል። ዓመቱን ሙሉ ወተት ወይም አትክልት ጭኖ ገበያ የሚመላለስ ባለእርሻ ያለው ጕዳይ ሌላ ነው፤ የእርሱ መኪና ሸክሙ ዘወትር አንድ ስለሆነ ለዚያው ክብደት የተጻፈውን ከባዱን ባሌስትራ ቢያስገባ ያለ ጥርጥር ትክክል ነው። በፊት በኩል ከባድ የብረት መከላከያና ዊንች ያስገጠመም፥ ይህ ብቻውን ከመቶ ኪሎ ሊያልፍ ስለሚችል፥ የፊቱን ሞላ ለዚያ ማስመረጥ አለበት።

ገንዘብ ያነሰው ሰው የሚሄድባቸው አቋራጮች አሉ። የፊቱን ሞላ ሳይለውጡ በላዩ ወፍራም ቀለበት መጨመር፥ ከኋላ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የብረት ወይም የአሉሚኒየም ድፍን ማስገባት፥ የባሌስትራውን ማንጠልጠያ ማስረዘም፥ በቶርሽን ባር መኪናም ብሎኑን አጥብቆ ማንሣት። እነዚህ ሁሉ ከፍታ ይሰጣሉ፤ አንድ ኪሎ የመሸከም ጕልበት ግን አይጨምሩም፤ የደከመው ሞላ እንደ ደከመ ነው። ድፍኑ ብረት አክስሉን ከባሌስትራው ስላራቀው፥ ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥና ፍሬን ሲይዝ አክስሉ ባሌስትራውን እያጣመመ ይወዛወዛል። የረዘመው ማንጠልጠያ ከተጨመረበት ርዝመት እኩሌታውን ብቻ አንሥቶ የአክስሉን አቀማመጥ ያዛባል። የቶርሽን ባሩ ብሎን ሲጠብቅ መኪናው ይነሣል፥ ጎማው ወደ ጉድጓድ ለመውረድ የነበረው ስፍራ ግን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በየጉድጓዱ ጓ ይላል።

በአገር ቤት አንጥረኛ ባሌስትራ ማስመታትና አንድ ንብርብር ማስጨመር ግን ከነዚህ ጋር ተደምሮ ሊናቅ አይገባም። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ብረቱን ሳያግል በመዶሻ ቢመልሰው ላረጀ መኪና ለአንድ ክረምት ያደርሳል፤ የሚያሳዝነው ቶሎ ተመልሶ መተኛቱ ብቻ ነው። በእሳት አግሎ የሚመልሰው ግን የብረቱን ንዝረት ይገድለዋል፤ ያ ባሌስትራ ከዚያ ወዲያ ወይ ይተኛል ወይ ይሰበራል።

ስለ አሞርዛተር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሞላው ሸክሙን ይይዛል፥ አሞርዛተሩ የሞላውን ዝላይ ይገታል፤ ሁለቱ አብረው ካልተመረጡ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። ረጅም ሞላ ገብቶ አጭሩ የቀድሞ አሞርዛተር ከቀረ፥ ጎማው በወረደ ቍጥር እርሱ እንደ ገመድ ተወጥሮ ይበጠሳል። በተሸበሸበ መንገድ ረጅም ሲሮጥ ደግሞ በውስጡ ያለው ዘይት ግሎ አረፋ ስለሚሆን፥ አረፋውን ለመከልከል የናይትሮጂን ጋዝ የተሞላበትን መምረጥ ለኢትዮጵያ መንገድ የሚስማማ ነው።

ክብደቱ ከታወቀ በኋላ ስለ ከፍታው መነጋገር ይቻላል። ለሥራ መኪና ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከዚህ የሚበልጥ ሲጠየቅ ሹሙ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅ። በአውስትራሊያ፥ እንደየክፍለ አገሩ ዝርዝሩ ቢለያይም፥ ያለ መሐንዲስ ምስክር ወረቀት በሞላ ለውጥ መኪና እንዲነሣ በተለምዶ የሚፈቀደው እስከ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ልኩ ያለ ምክንያት አልተወሰነም። የፊቱ አካል ሲነሣ ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ መታጠፊያው ይጠብባል፤ ሲጠብብም ቅባቱን የያዘው የላስቲክ ከረጢት ይቀደድና አቧራ ይገባዋል። ጎማዎቹም ወደ ውጭ ያዘነብላሉ፥ መሪውም ቀጥ ብሎ መሄድን ይረሳል። ይህ እስከ 50 ሚሊ ሜትር ድረስ በአላይመንት ሥራ ብዙውን ጊዜ ሊስተካከል ይችላል፤ ከዚያ በላይ የፊቱን የላይኛ ክንድ መለወጥ ያስፈልጋል። አላይመንት ሳይደረግለት የሚለቀቅ መኪና አዲስ ጎማውን በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ይበላዋል።

የፍሬኑ ነገር ከዚህ ይልቅ ያስፈራል። በብዙ ሂሉክሶችና መሰሎቻቸው ላይ ከኋላ በሻንሲውና በአክስሉ መካከል በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። መኪናው ተጭኖ ዝቅ ሲል ቫልቩ ለኋላው ፍሬን ብዙ ኃይል ይለቃል፤ ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል የኋላው ጎማ እንዳይታሰር ኃይሉን ይቀንሳል። እንግዲህ መኪናው በሊፍት ኪት ሲነሣ ይህ ዘንግ ካልተስተካከለ፥ ቫልቩ መኪናውን ሁልጊዜ ባዶ ይመስለዋል። አንድ ቶን ጭኖ ቍልቍለት ሲወርድ የኋላው ፍሬን በእኩል አይሠራም፥ ሸክሙ ሁሉ በፊቱ ላይ ይወድቃል። ብሎኑን ፈትቶ ዘንጉን ማስተካከል ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ነው። የፊት መብራቱም እንዲሁ ዝቅ ካልተደረገ በሌሊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ግዛት በ2021 የወጣው ሕግ፥ የፊት ፓራፋንጎው ከኋላው በ4 ኢንች፥ ማለት በ10 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ወይም ከዚያ በላይ እንዲበልጥ የተደረገ መኪና በመንገድ እንዳይሄድ ከልክሏል። እዚያ ጕረምሶች ለጌጥ ያደርጉት የነበረውን አቀማመጥ፥ እዚህ ከኋላ ከልኩ በላይ የተጫነ ፒካፕ ማንም ሳያስበው ያመጣዋል።

የመገልበጥም አደጋ አለ፤ ይህን በስሌት ማየት ይጠቅማል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት 150 ሳንቲ ሜትር፥ የክብደቱ እምብርት ከመሬት 75 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ የስፋቱ እኩሌታ ለከፍታው ሲካፈል 1 ይሆናል። ቍጥሩ በቀነሰ መጠን መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል፤ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም ከ2001 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ለመገልበጥ ያላቸውን ዝንባሌ ለሕዝብ ሲያስታውቅ መነሻ ያደረገው ይህንኑ ስሌት ነው። እምብርቱ በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ቍጥሩ 0.94 ይሆናል። አሁን ሊፍት ኪቱን ትተን፥ 2900 ኪሎ በሚመዝነው መኪና ላይ አምስት ሰዎች በከረጢቱ አናት ቢቀመጡ፥ የእነርሱም እምብርት ከመሬት 180 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ የጠቅላላው እምብርት ከ75 ወደ 86 ይወጣል፥ ቍጥሩም 0.87 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ ከ0.83 አይበልጥም። በከረጢት ላይ የተቀመጡት አምስት ሰዎች ከሊፍት ኪቱ በእጥፍ የሚበልጥ አደጋ ያመጣሉ ማለት ነው። ከገበያ የሚመለስ ገበሬ እግሩ ደክሞ መንገድ ዳር እጁን ሲያነሣ አልፎ መሄድ ለሹፌር ከባድ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን መኪናው ከፍ ከተደረገ በኋላ በጭነት ላይ ሰው ማሳፈርን ሹሙ በጽሑፍ ካልከለከለ፥ ለከፍታው የፈረመው ፊርማ ለሚመጣውም ነገር የፈረመው ነው።

ግዢውን በተመለከተ፥ የመንግሥት ጨረታ ለርካሹ የማድላት ልማድ ስላለው ጥንቃቄው ሁሉ በዝርዝሩ አጻጻፍ ላይ ሊሆን ይገባል። «ሊፍት ኪት አንድ» ተብሎ ከተጻፈ፥ ቀለበትና ድፍን ብረት ያቀረበው ነጋዴ አሸናፊ ይሆናል፤ እርሱም አላታለለም፥ የተጠየቀውን አቅርቧል። በዝርዝሩ ውስጥ የሞዴሉ ዓመት፥ የፊትና የኋላ አክስል ክብደት በባዶና በጭነት፥ ዘወትር የሚያዘው ኪሎ፥ ከ50 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ከፍታ፥ ከአንድ ሠሪ የሆነ አራት አሞርዛተር፥ ሁለት የፊት ሞላ፥ ሁለት የኋላ ባሌስትራ ከነላስቲኩ፥ እንዲሁም ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው አዲስ ዩ ቅርጽ ያለው ብሎን መጻፍ አለበት። አሮጌው ብሎን አንድ ጊዜ ተወጥሮ ስለተለጠጠ ተመልሶ ሊገባ አይገባውም። አላይመንቱ፥ የፍሬኑ ቫልቭና የመብራቱ ማስተካከል ከገጠማው ዋጋ ጋር ተጠቃሎ ይጻፍ፤ ለየብቻ ከተተወ አይደረግም።

የሚገጥመው ጋራዥ የሞላ መጨበጫ መሣሪያ ያለው መሆኑን ሹሙ ሰው ልኮ ያረጋግጥ። የተጨበጠ የፊት ሞላ ቢያመልጥ ሰው ይገድላል፤ በገመድና በሽቦ አስረው የሚሠሩ አሉ። የባሌስትራው የላስቲክ ብሎኖች የመጨረሻ ማጥበቅ የሚደረገውም መኪናው በክሪክ ላይ እንዳለ ሳይሆን በጎማው ቆሞ ክብደቱን ከተሸከመ በኋላ ነው፤ ያለዚያ ላስቲኩ ተጠማዞ ይቀራል፥ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል።

ከመገጠሙ በፊት ከእያንዳንዱ ጎማ መካከል አንሥቶ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ ያለው ርቀት በአራቱም በኩል በሜትር ይለካና በመኪናው መዝገብ ይጻፍ፤ ይህ ልክ ጎማው አዲስ ቢሆን ወይም ቢያልቅ አይለዋወጥም። በተገጠመ ማግስት እንደ ገና ይለካ፤ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሞላም ብሎኖቹ ሁሉ ዳግመኛ ይጥበቁ፥ ልኩም ለሦስተኛ ጊዜ ይወሰድ። አዲስ ሞላ በመጀመሪያው ሳምንታት ጥቂት መርገቡ የተለመደ ነው፤ በአንድ ጎን ብቻ የረገበ ከሆነ ግን ዕቃው ወደ ሻጩ ይመለስ። የወጣው የፋብሪካው ሞላና ባሌስትራ ለአንጥረኛ አይሸጥ፤ በሽቦ ታስሮ የሻንሲው ቍጥር በቆርቆሮ ተጽፎበት በግምጃ ቤት ይቀመጥ፤ መኪናው ወደ ሌላ ወረዳና ወደ ሌላ ሥራ የተዛወረ እንደሆነ የሚረከበው ሹም ይፈልገዋልና።